የማይከደን ዓይን፦ የዓይን ቆብ ጥገና ቀዶ ሕክምና በእስላማዊ የሕክምናና የፊቅህ ታሪክ

መግቢያ

የዓይን ቆብ ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ይከደናል፣ ይገለጣል። ነገር ግን በተከደነ ቁጥር እንባን በኮርኒያው ላይ፣ ማለትም በዓይን ፊት ባለው ጥርት ያለ ሽፋን ላይ፣ እኩል ያዳርሳል፤ አቧራን ይጠርጋል፤ በእንቅልፍ ጊዜም ዓይንን እንደ መዝጊያ ይጠብቃል። ይህ ሥራ የተቋረጠበት ዓይን ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ ቁስሉም ጠባሳ ጥሎ ብርሃንን እስከ መከልከል ይደርሳል። ስለዚህ ቆቡ ወደ ውጭ የተገለበጠበት ወይም ወደ ላይ የተሰበሰበበት ሰው የጎደለው የፊቱ መልክ ብቻ አይደለም፤ ማየቱም አደጋ ላይ ነው።

ከቃጠሎና ከቁስል ሌላ፣ ይህን ጉዳት ከሚያመጡት መካከል ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚያገኙ የቆዳ በሽታዎች አሉ። ከልደት ጀምሮ ቆዳን እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያደርገው ኢክትዮሲስ፣ እንዲሁም ቆዳን ለፀሐይ ጨረር መከላከያ የለሽ የሚያደርገው ዜሮደርማ ፒግመንቶሱም ከእነዚህ ዋነኞቹ ናቸው። የእነዚህ ሕሙማን ቤተሰቦች ቀዶ ሕክምና ሲነገራቸው ከሐኪሙ ፊት የሚያነሡት አንድ ጥያቄ፣ ከዓሊሙ ፊት የሚያነሡት ሌላ ጥያቄ አላቸው። ለሐኪሙ «ይድናልን?» ይላሉ፤ ለዓሊሙ «የአላህን ፍጥረት መቀየር አይሆንምን?» ይላሉ።

እኛም በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን ጥያቄዎች ታሪክ ጎን ለጎን አስቀምጠን እንመረምራለን። ዓላማችን የጥንት ሙስሊም ሐኪሞች የዛሬውን ሁሉ አስቀድመው ያውቁ ነበር ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ውዳሴ ለእነርሱም ለታሪክም ክብር አይሆንም። የምናሳየው ሐኪሞቹ በራሳቸው መንገድ፣ ፉቀሃኡም በራሳቸው መንገድ ተጉዘው አንድ ልዩነት ላይ መድረሳቸውን ነው፤ ይኸውም የተበላሸን አካል ወደ ተፈጥሮ ሥራው በመመለስና ጤነኛን አካል በምኞት በመለወጥ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ሸትራ በከሓሎች መጻሕፍት

በዓረብኛ የዓይን ሐኪም «ከሓል» ይባላል፤ ቃሉ በአማርኛም «ኩል» ብለን ከምንጠራው ነገር ስም የወጣ ነው። የከሓሎች ሙያ በጽሑፍ መደራጀት የጀመረው በ9ኛው ምእተ ዓመት እ.ኤ.አ. በባግዳድ ሲሆን፣ ከፊተኞቹ ጸሐፊዎች አንዱ ከሒራ የመጣው ክርስቲያኑ ተርጓሚና ሐኪም ሑነይን ኢብን ኢስሓቅ (809–873 እ.ኤ.አ.) ነው። ስለ ዓይን የጻፋቸው አሥሩ መጣጥፎች ለኋለኞቹ መነሻ ሆነዋል። ከእርሱ በኋላ፣ በ11ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ፣ በዚያው በባግዳድ ዐሊይ ኢብን ዒሳ «ተዝኪረቱል ከሓሊን» የተሰኘውን መጽሐፍ አዘጋጀ። መጽሐፉ በሦስት ክፍል የተደለደለ ነው፦ የመጀመሪያው የዓይንን አሠራር፣ ሁለተኛው በውጭ የሚታዩትን የዓይን በሽታዎች፣ ሦስተኛው ከዓይን የተሰወሩትን ሕመሞች ይተነትናል። የቆብ በሽታዎች በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ሰፊ ቦታ ይዘዋል። በዚያው ዘመን የመውሲሉ ተወላጅ ዐማር ኢብን ዐሊይ በግብፅ ሆኖ «አል-ሙንተኸብ» የተባለውን የዓይን ሕክምና መጽሐፉን ጻፈ።

ወደ ርእሳችን ይበልጥ የሚያቀርበን ግን የአንዳሉሱ አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ (በ404 ዓ.ሂ./1013 እ.ኤ.አ. ገደማ የሞተ) ነው። በቁርጡባ አጠገብ ከነበረችው ከመዲነቱዝ ዘህራእ የወጣው ይህ ሐኪም «አት-ተስሪፍ» ከተባለው ባለ ሠላሳ ክፍል ሥራው የመጨረሻውን ክፍል ሙሉ በሙሉ ለቀዶ ሕክምና ሰጥቶታል፤ የመሣሪያዎቹንም ሥዕል አኑሮበታል።

አዝ-ዘህራዊ ቆቡ ተሰብስቦ የማይከደነውን ሕመም «ሸትራ» ይለዋል። በላይኛው ቆብ ላይ ሲሆን ዓይኑ የጥንቸል ዓይን ይባላል ይላል፤ ጥንቸል ዓይኗን ሳትከድን ትተኛለች ከሚል የቆየ እምነት የመጣ ስም ነው። ከዚያም ሕመሙን በምክንያቱ በሁለት ይከፍለዋል፦ አንዱ ከተፈጥሮ የሆነ፣ ሌላው በኋላ የደረሰ። በኋላ የሚደርሰው ቁስል፣ መቆረጥ ወይም በጋለ ብረት መተኮስ ጠባሳ ጥሎ ሲድን ነው። ይህ አከፋፈል ለእኛ ትልቅ ፍሬ ነገር ይዟል። ሐኪሙ ከልደት ጀምሮ ያለውን ሸትራ «እንዲሁ ተፈጥሯልና አይነካ» ብሎ ከሕክምና ደጅ አላወጣውም፤ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ከሌላው ጋር አስቀምጦታል።

ለላይኛው ቆብ የሚሰጠው መመሪያ አጭር ነው። ጠባሳው ይሰነጠቃል፤ የቁስሉ ከንፈሮች ይለያያሉ፤ በመካከላቸው የተልባ እግር ፈትል ይደረጋል፤ እስኪድንም ይታሰራል። ከዚያ ማስጠንቀቂያ ያክልበታል፦ የሚያደርቅና የሚያኮማትር መድኃኒት እንዳይደረግ፤ ከተደረገ ሸትራው ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል። በዚያ ፈንታ የሚያለሰልስ ነገር፣ እንደ አብሽና እንደ ተልባ ያለ፣ ከቅባት ጋር እንዲሆን ያዛል። የሕክምናው ፍሬም ቁስሉ በቀድሞ ቅርፁ እንዳይገጥም በማናቸውም ዘዴ መታገል መሆኑን ያሳስባል።

ለታችኛው ቆብ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። ድርብ ክር የተሰካበት መርፌ በተገለበጠው ሥጋ ውስጥ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው ያልፋል፤ ሥጋው በክሩ ይወጠርና ይቆረጣል። ቆቡ ወደ ቦታው ካልተመለሰ በውስጠኛው ገጹ ላይ ሁለት ሰንጥቆች ተደርገው በማዕዘን ይገናኛሉ፤ ቅርፁም የግሪኩን ፊደል ላምዳን ይመስላል። ይህ ፊደል በዓረብኛ መጽሐፍ ውስጥ መገኘቱ ዘዴው የመጣበትን መንገድ ያስታውቃል፤ አዝ-ዘህራዊ በዚህ ስፍራ የተከተለው በ7ኛው ምእተ ዓመት በእስክንድርያ የነበረውን የግሪክ ሐኪም የጳውሎስ አጊነታን ነው። ሐኪሞቹ ዕውቀትን ከባለቤቱ ማንነት ለይተው ተቀብለዋል፤ የራሳቸውንም አክለዋል። አዝ-ዘህራዊ በምዕራፉ መጨረሻ ላይ የሸትራ መልክ ብዙ እንደሆነና ብልህ ሐኪም ቅርፁን ወደ ተፈጥሮው ለመመለስ የሚቻለውን ዘዴ ሁሉ እንደሚፈልግ፣ ብዙ ጊዜም በሽታው ራሱ ተገቢውን ሥራና መሣሪያ እንደሚያመለክት ይናገራል። «ወደ ተፈጥሮው መመለስ» የሚለውን ሐሳብ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንሻለን፤ ከፉቀሃእ ዘንድ ስንደርስ ዳግመኛ እናገኘዋለንና።

በሀገራችን የቆብ ቀዶ ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የዓይን ማዝን ነው። ኢትዮጵያ ይህ በሽታ እጅግ ከጸናባቸው የዓለም ሀገሮች አንዷ ናት፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ኮርኒያውን ሲፍቀው በወረንጦ መንቀል፣ ከዚያም በጤና ጣቢያ በሠለጠነ ባለሙያ ቆቡን ማሠራት በገጠር የታወቀ ነው። አዝ-ዘህራዊም ይህን ሕመም ያክመው ነበር፤ ከላይኛው ቆብ በአደስ ቅጠል ቅርፅ ቆዳ ቆርጦ በመስፋት ሽፋሽፍቱን ወደ ውጭ ይመልሳል። የሸትራ አቅጣጫ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በአንዱ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ በሌላው ወደ ውጭ ይገለበጣል። ለአንደኛው ሲባል ቆዳ ከልክ በላይ ከተቆረጠም ሁለተኛው ይመጣል። ስለዚህ ለቆብ ሐኪም ዋናው ነገር የቆዳ ልክ ነው፤ የማጣትም የመትረፍም ጉዳት አለው።

ከፈትሉ ወደ ቆዳ ንቅለ ተከላ

የከሓሎቹ ዘዴ የማይሻገረው ወሰን ነበረው። ጠባሳን ሰንጥቆ ፈትል ማስገባት ክፍተት ይሰጣል እንጂ የጎደለውን ቆዳ አይተካም። ክፍት የተተወ ቁስል ሲድን መልሶ ይኮማተራል። አዝ-ዘህራዊ «እንዳይመለስ ታገል» ማለቱ ራሱ ሕመሙ ተመልሶ የሚመጣ መሆኑን በሥራ ማየቱን ያስረዳል። የሚያለሰልሰው ቅባት ጊዜ ይገዛል፤ ቆዳ ግን አይፈጥርም።

መጽሐፉ በ12ኛው ምእተ ዓመት በጠሊጠላ በጄራርድ ዘክሬሞና ወደ ላቲን ተመልሶ በአውሮፓ የቀዶ ሕክምና ትምህርት ውስጥ ለምእተ ዓመታት ኖረ። ወሰኑን የተሻገረው መፍትሔ ግን የተገኘው በ19ኛው ምእተ ዓመት ነው። በ1869 እ.ኤ.አ. ዣክ ሉዊ ሬቨርዲን በፓሪስ ጥቃቅን የቆዳ ቁራጮችን በክፍት ቁስል ላይ አስቀምጦ እንደሚይዙ አሳየ። በ1875 እ.ኤ.አ. ደግሞ በግላስጎው የዓይን ሐኪም የነበረው ጆን ራይስበርግ ወልፍ የተገለበጠ የታችኛ ቆብን ለመጠገን ከሕመምተኛው ክንድ ሙሉ ውፍረት ያለው ቆዳ ወስዶ፣ ከሥሩ ያለውን ስብ ፈጽሞ አጥርቶ፣ በቦታው ተከለው። ሙሉ ውፍረት ያለው ቆዳ ከስስ ቁራጭ ይልቅ መኮማተሩ አነስተኛ ነው፤ ለቆብ የተመረጠበትም ምክንያት ይኸው ነው። ዛሬም ከጆሮ ጀርባ፣ ከሌላው ዓይን ላይኛ ቆብ ወይም ከክንድ ውስጠኛ ገጽ የሚወሰድ እንዲህ ያለ ቆዳ የሸትራ ጥገና መሠረት ነው።

ቆዳው ራሱ ሲታመም

የወልፍ መፍትሔ በአንድ ግምት ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም ፊት ቢጎዳም በሌላ የአካል ክፍል ጤነኛ ቆዳ አለ የሚል ነው። በቃጠሎ ለተጎዳ ሰው ይህ ግምት ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ብርቅ የቆዳ በሽታ ላለበት ሰው ግን እንደ በሽታው ዓይነት ይለያያል።

ዜሮደርማ ፒግመንቶሱምን ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው በ1870 እ.ኤ.አ. በቪየና ሞሪትስ ካፖሲ ነው። ምክንያቱን በ1968 እ.ኤ.አ. ጄምስ ክሊቨር አሳየ፤ የእነዚህ ሰዎች ሴል ጨረር በዘረ መል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመጠገን አይችልም። በሽታው በአውሮፓና በአሜሪካ ከሚሊዮን ሰው አንዱን ገደማ ያገኛል፤ በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ግን ከዚያ ይበዛል። የሚተላለፈው ከአባትም ከእናትም የተበላሸው ዘረ መል ሲወረስ በመሆኑ፣ በቅርብ ዘመዳሞች ጋብቻ መካከል የመታየት ዕድሉ ከፍ ይላል። በሽተኛው ገና በልጅነቱ ፊቱ በነጠብጣብ ይሞላል፤ ቆቡ ይሳሳል፣ ይኮማተራል፤ ካንሰርም ሊበቅልበት ይችላል። ቀዶ ሐኪሙ ካንሰሩን ካነሣ በኋላ የሚተክለውን ቆዳ የሚፈልገው ፀሐይ ካላየው፣ በልብስ ከተሸፈነ አካል ነው። በዚህ በሽታ ጤናው የተሻለ ቆዳ ይገኛል፤ ጥገናው የሚጸናው ግን ሕመምተኛው ዕድሜውን ሁሉ ከፀሐይ ሲጠበቅ ብቻ ነው።

ላሜላር ኢክትዮሲስ የሚባለው ከዚህ ይከብዳል። ሕፃኑ ብዙ ጊዜ በሚያብለጨልጭና በተወጠረ ስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ይወለዳል። ሽፋኑ በቀጣዮቹ ሳምንታት ይላጣል፤ በምትኩ ሰውነቱን ሁሉ ሰፊ ቅርፊት ይወርሰዋል። በ1995 እ.ኤ.አ. ብዙዎቹ ሕሙማን ትራንስግሉታሚኔዝ 1 የተባለውን፣ የላይኛውን የቆዳ ክፍል የሚያጠነክር ኢንዛይም የሚሠራው ዘረ መል እንደ ተበላሸባቸው ታወቀ። የፊት ቆዳ ሲወጠር ቆቦቹን ወደ ውጭ ይስባቸዋል፤ ልጁ ዓይኑን ሳይከድን ያድራል። ሊተከል የሚታሰበውም ቆዳ ያው የታመመው ቆዳ ነው። ስለዚህ ንቅለ ተከላው ለጊዜው ቆቡን ቢያስከድንም ውጥረቱ ተመልሶ ሊገለብጠው፣ ሕክምናውም ሊደጋገም ይችላል። ሐኪሞች በሽታው ያነሰበትን የቆዳ ክፍል ይመርጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ከአፍ ውስጥ የሚወሰድ ስስ ሽፋንን ተጠቅመዋል።

በዚህም የተነሣ ለኢክትዮሲስ ቀዶ ሕክምና የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም። አስቀድሞ ቆዳው በቅባት ይለሰልሳል፤ ዓይኑ በጠብታና በቅባት ይረጥባል፤ ከቫይታሚን ኤ ጋር ዝምድና ያላቸው በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶችም የቆዳውን ውጥረት አላልተው ቆቡን ሊመልሱ ይችላሉ። ምላጩ የሚነሣው ኮርኒያው አደጋ ላይ ሲወድቅ ነው። «አታድርቅ፣ አለስልስ» የሚለው የአዝ-ዘህራዊ ደንብ በዚህ ስፍራ ትዝ ይላል። ሆኖም ኢክትዮሲስን ያውቅ ነበር ብለን የዛሬን ስም በጥንት መጽሐፍ ላይ አንለጥፍም። እርሱ ደንቡን ያገኘው ከጠባሳ ነው። የሚያገናኛቸው ችግሩ ነው፤ የጎደለውን ቆዳ የሚተካ ጤነኛ ቆዳ በሌለበት ሁኔታ የዛሬውም ሐኪም ሕመሙ እንዳይመለስ ከመታገል በቀር አማራጭ የለውም።

የዐርፈጃ አፍንጫና «ፍጥረትን መቀየር»

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ፍርሃቱ መሠረት አለው። በሱረቱን ኒሳእ 119ኛ አንቀጽ ሰይጣን ሰዎችን የአላህን ፍጥረት እንዲለውጡ እንደሚያዛቸው መዛቱ ተወስቷል። ቡኻሪና ሙስሊም ከዐብዱላህ ኢብን መስዑድ ባስተላለፉት ሐዲሥም የሚነቀሱ፣ ቅንድብ የሚነቅሉ፣ ለውበት ሲሉ ጥርሳቸውን የሚያራርቁ ሴቶች፣ የአላህን ፍጥረት የሚቀይሩ ተብለው ተወግዘዋል።

ከዚህ ጎን የዐርፈጃ ኢብን አስዐድ ታሪክ ይቆማል። አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ነሳኢ እንደ ዘገቡት ይህ ሰው በዘመነ ጃሂሊያ በኩላብ ጦርነት አፍንጫው ተቆርጦ ነበር። ከብር አፍንጫ አሠራ፤ ብሩም ሸተተበት። ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ እንዲያሠራ አዘዙት። ወርቅ ለወንድ የተከለከለ ጌጥ መሆኑን ስናስብ የትእዛዙ ክብደት ይገለጽልናል። ብሩ ጉድለቱን ሸፍኖ ነበርና በዚያ መወሰን ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ጥገናው ራሱ ለሰውየው መከራ እንዳይሆንበት የተሻለው ተፈቀደለት። ፉቀሃእ የጎደለን አካል ስለ መተካት ሲነጋገሩ ወደዚህ ሐዲሥ ደጋግመው ይመለሳሉ።

በሁለቱ መካከል ያለውን ድልድይ የሠሩት የሐዲሥ ተንታኞች ናቸው። ኢማም አን-ነወዊ (በ676 ዓ.ሂ./1277 እ.ኤ.አ. የሞቱ) በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው «ለውበት ሲሉ» ከሚለው ቃል ላይ ይቆማሉ፤ ክልክሉ ውበት ተፈልጎ የሚደረገው ነው፤ ለሕክምና ወይም በጥርስ ላይ ላለ ጉድለት ቢያስፈልግ ግን ነውር የለበትም ይላሉ። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት አጥ-ጠበሪ (በ310 ዓ.ሂ./923 እ.ኤ.አ. የሞቱ) ጠበቅ ያለ አቋም ነበራቸው። ሴት ለውበት ብላ በተፈጠረችበት ላይ መጨመርም መቀነስም አይገባትም፣ ትርፍ ጥርስ እንኳ ቢሆን፤ ነገር ግን ከዚህ ጉዳትና ሕመም የሚያመጣውን ለይተው አውጥተዋል፤ መብላትን የሚከለክል ረጅም ጥርስና የሚያሳምም ትርፍ ጣት ምሳሌዎቻቸው ናቸው። ኢብን ሐጀር በ«ፈትሑል ባሪ» ይህን ቃላቸውን ጠብቀውልናል። አጥ-ጠበሪ ይህን ሲያስተምሩ የኖሩት ሑነይን ከእርሳቸው በፊት፣ ዐሊይ ኢብን ዒሳም ከእርሳቸው በኋላ በጻፉባት በባግዳድ ነበር። በአንዲት ከተማ ጥብቁ ዓሊም በሩን በጉዳት መለኪያ ሲከፍቱ፣ ከሓሎችም ቆብን በሥራው ይለኩ ነበር። ከልደት የመጣ ነገር ሁሉ አይነካም ያለ ከሁለቱም ወገን አልነበረም፤ ትርፍ ጣትም ሆነ የተፈጥሮ ሸትራ ከልደት የሚመጣ ነውና።

በእኛ ዘመን ይህ ውርስ በውሳኔ መልክ ተቀምጧል። ዓለም አቀፉ እስላማዊ የፊቅህ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ. በጅዳ ባደረገው ጉባኤ በቁጥር 26 (1/4) ውሳኔው፣ ከአንድ ሰው አካል ወስዶ በራሱ በሰውየው ሌላ አካል ላይ መትከልን፣ ጥቅሙ ከሚያስከትለው ጉዳት ማመዘኑ ሲረጋገጥ ፈቅዷል፤ ዓላማውም የጎደለን አካል ለማስገኘት፣ ቅርፁን ወይም ሥራውን ለመመለስ፣ ጉድለትን ለማረም፣ በነፍስ ወይም በአካል ላይ ጉዳት የሚያደርስን መበላሸት ለማስወገድ መሆን አለበት። በ2007 እ.ኤ.አ. በማሌዥያ ፑትራጃያ በቁጥር 173 (11/18) ያሳለፈው ውሳኔ ደግሞ ስለ ጥገናና ማስዋብ ቀዶ ሕክምና በዝርዝር ተናግሯል። የአካልን ቅርፅ ሰው ወደ ተፈጠረበት ሁኔታ መመለስ፣ ሥራውን መመለስ፣ ከልደት የመጣንም በኋላ የደረሰንም ጉድለት ማረም ተፈቅዷል፤ ጤናማን ገጽታ በምኞት ለመለወጥ የሚደረገው ተከልክሏል። ከልደትና ከአደጋ የሚለው አከፋፈል፣ ወደ ተፈጥሮ መመለስ የሚለውም ግብ፣ በአዝ-ዘህራዊ የሸትራ ምዕራፍ ያገኘናቸው ናቸው።

ውሳኔው መፍቀድ ብቻ አይደለም፤ ግዴታም ይጥላል። ጥቅሙ ከጉዳቱ እንዲያመዝን፣ ሐኪሙ በሙያው የበቃ እንዲሆን፣ ሕመምተኛው ሊደርስ የሚችለውን ዐውቆ እንዲስማማ ይጠይቃል። ይህ ለኢክትዮሲስ ሕመምተኛ ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። የተተከለው ቆዳ ሊኮማተር እንደሚችል አስቀድሞ ያልተነገራቸው ወላጆች ሕመሙ ሲመለስ «ፍጥረትን ነካንና ተቀጣን» ብለው ሊያዝኑ ይችላሉ። የሕመሙ መመለስ ግን የበሽታው ጠባይ እንጂ የጥፋት ምልክት አይደለም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ከጥንት ወደ እኛ የተሻገረው አንድ የቀዶ ጥገና ዘዴ ብቻ አለመሆኑን ነው። ፈትሉ በቆዳ ንቅለ ተከላ ተተክቷል፤ የዛሬውም ዘዴ ነገ በዘረ መል ሕክምና ሊተካ ይችል ይሆናል። የጸናው መለኪያው ነው። ከሓሉ «ይህ ቆብ ሥራው ምንድን ነው? እንዴትስ ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል?» ብሎ ጠየቀ፤ ፈቂሁ «ይህ ሥራ ጉዳትን ያስወግዳል ወይስ ምኞትን ያሟላል?» ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም ጥያቄዎች በማይከደን ዓይን ላይ ሲቀርቡ መልሳቸው አንድ ነው።

ስለዚህ ዓይኑ ሳይከደን የሚያድር ልጅ ያላቸው ወላጆች ወደ ዓሊም ሲመጡ የሚገባቸው መልስ በማመንታት የተሸፈነ ሊሆን አይገባም። ኮርኒያ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል፤ ፈትዋ እስኪገኝ አይጠብቅም። የበሽታው ብርቅነትም ሕሙማኑን ከደንቡ ውጭ አያደርጋቸውም። ዐርፈጃ አንድ ሰው ነበር፤ ለእርሱ የተሰጠው ፈቃድ ግን አካሉ ለጎደለበት ሁሉ በር ሆነ።